ቢጫው ለናፍጣ፣ ቀዩ ለቤንዚን

ሾፌሩና የሚስቱ ወንድም የተኮራረፉት በጀሪካን ነው። ሰው በድንበር ይጣላል፣ በውርስ ይጣላል፣ ሲብስበትም በሴት ይጣላል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን ስንትና ስንት ዓመት በአንድ ግቢ ክፉ ቃል ሳይለዋወጡ ኖረው፣ ዘይታቸው አልቆ ነዳጅ በሚቀመጥባቸው ሁለት ጀሪካኖች ተጣሉ።

ሾፌሩ ዕድሜውን ትራክተር ላይ የጨረሰ ሰው ነው። በእግሩ ሲሄድ እንኳ መሪ የያዘ ይመስል ክርኖቹን ከፈት አድርጎ ነው። የሚስቱ ወንድም መካኒክ ሲሆን የሰፈሩ ሰው "ብሎን" እያለ ይጠራዋል። አጭር፣ ድፍን ያለ፣ ጠንካራ ሰው ከመሆኑ ሌላ ኪሱ ከብሎን ተለይቶ አያውቅም፤ ቁጭ ሲል ቅጭል ይላል፣ ሲነሳም ቅጭል ይላል። ሾፌሩ ይነዳል፣ ብሎን ይጠግናል። ያላቸው ንብረት አንድ ትራክተር፣ አንድ የውሃ ሞተርና አንድ የሣር ማጨጃ ነው። በትራክተሩ የሰው ማሳ ያርሳሉ፣ በውሃ ሞተሩ ከወንዙ ውሃ ይስባሉ፣ በማጨጃው የትምህርት ቤቱን ግቢ ያጭዳሉ። ሥራው አይሞላም፣ አይጎድልም፤ ሁለቱንም አብልቶ ያሳድራል።

ችግሩ ያለው ነዳጁ ላይ ነበር። ትራክተሩ የሚጠጣው ናፍጣ ነው፤ የውሃ ሞተሩና ማጨጃው ደግሞ ቤንዚን። ሁለቱም የሚቀመጡት መጋዘኑ በር አጠገብ፣ በሁለት ቢጫ የዘይት ጀሪካኖች ነው። ጀሪካኖቹ መንታ ናቸው፤ ቁመታቸው አንድ፣ ቀለማቸው አንድ፣ ጎናቸው ላይ ያለው ጭቃ ሳይቀር አንድ። ክዳናቸው ከጠፋ ቆይቷል። የናፍጣው አፍ በተጠቀለለ ፌስታል ተወትፏል፣ የቤንዚኑ ደግሞ በበቆሎ ቆረቆንዳ። መለያው ይኸው ነበር፤ ሌላ ምልክት የለም። ሾፌሩ አፍንጫው እንደ አነፍናፊ ውሻ ስለሆነ መለያም አያሻውም፤ ጎንበስ ብሎ ያሸትና ያውቃል። ብሎን ግን ሳይነስ አለበት። ለእሱ ናፍጣም፣ ቤንዚንም፣ ሽቶም አንድ ናቸው፤ እምነቱን የጣለው በቆረቆንዳው ላይ ነው።

አንድ ማለዳ የውሃ ሞተሩን ለጎረቤታቸው ለባለቲማቲሟ ይዘውላት ወረዱ። ባለቲማቲሟ ልጆቿን ድራ ብቻዋን የቀረች፣ ወንዙ ዳር ያለችውን ማሳዋን እንደ ዓይኗ ብሌን የምትጠብቅ ሴት ናት። ችግኞቹን ገና መትከሏ ነበር፤ ውሃ ካላገኙ አንገታቸውን ደፍተው ይቀራሉ። ብሎን ቤንዚኑን ሞልቶ የማስነሻውን ገመድ ሳበ። ሞተሩ እንደ አስም በሽተኛ ሳል ሳል አለ፣ ነጭ ጢስ ተፋ፣ ዝም አለ። ደግሞ ሳበ። ዝም። ብሎን ክዳኑን ከፍቶ ጣቱን አስገባና በአውራ ጣቱ ሲያሸው ጣቶቹ ተሟለጩበት።

"ናፍጣ ነው" አለ።

"ማን ሞላው?" አለ ሾፌሩ።

"እኔ የሞላሁት ከባለቆረቆንዳው ነው።"

"ታዲያ ባለቆረቆንዳው ውስጥ ናፍጣ ምን ይሠራል?"

"እሱን አንተ ንገረኛ ጋሼ! ትናንት ትራክተሩን የሞላኸው አንተ ነህ። ስትወትፍ አቀያይረኸዋል።"

"እኔ? እኔ ነኝ አፍንጫ የሌለኝ?"

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሳይነሱን ብሎን ራሱ ሊቀልድበት ይችላል፤ ሌላ ሰው ሲቀልድበት ግን አይወድም፤ ያውም ባለቲማቲሟ ፊት። ቁልፎቹን ሰብስቦ ኪሱ ከተተ። "አፍንጫ ባይኖረኝ ጆሮ አለኝ፤ የተባልኩትን ሰምቻለሁ" አለና ሞተሩን ብቻውን እየጎተተ ወደ ቤት ወጣ።

እውነቱን ለመናገር ሾፌሩ እርግጠኛ አልነበረም። በዋዜማው ትራክተሩን ሲሞላ ፌስታሉም ቆረቆንዳውም እጁ ላይ እንደነበሩ ትዝ ይለዋል። በመሀል ስልክ መጮኹም ትዝ ይለዋል። ከዚያ በኋላ የቱን የት እንደወተፈ ግን ጨለማ ነው። ጮክ ብሎ የተናገረውም ስላላስታወሰ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ዝምታ ነገሠ። ብሎን "ጋሼ" ማለቱን ተወ፤ ሾፌሩ "ሰውየው" ሆነ። ሾፌሩም በበኩሉ ብሎንን "ወንድምሽ" ማለት ጀመረ። ማዕድ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፦

"እታለም፣ ጨው ያቀብለኝ በዪው።"

"ለወንድምሽ ጨው ስጪው፤ እዚያው እጁ ሥር ነው።"

ሚስቲቱ ልብስ ሰፊ ናት። ፊት ለፊት ያለው ክፍል የእሷ ነው፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ የተማሪዎች ደንብ ልብስ ዙሪያዋን ተቆልሎ ነው የምትውለው። መጀመሪያ ሰሞን ሳቋን በጥርሷ ይዛ መልእክቱን ታቀብል ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን ሳቁም አለቀባት።

በዚህ ሁሉ የተጠቀመች ባለቲማቲሟ ብቻ ናት። ሁለቱም ስላፈሯት ችግኞቿን በባልዲ ሊያጠጡላት ይወርዳሉ፤ እንዳይገናኙ ደግሞ ሾፌሩ ጠዋት፣ ብሎን ከሰዓት በኋላ። ጠዋት ሾፌሩ ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ከወንዙ ይቀዳል፤ ከሰዓት ብሎን ቅጭል ቅጭል እያለ ይመጣል። "ብትታረቁ ማን ያጠጣልኛል? ትንሽ ቆዩልኝ" ትላቸዋለች፣ ለየብቻቸው።

አንድ ቀን ቁርስ ላይ ብሎን "እታለም፣ ካርቡራተሩን አጥቤ ጨርሻለሁ፣ የቀረው እሳት የሚጭርለት ካንዴላ ነው በዪው" ሲላት ሚስቲቱ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ ቋ አድርጋ አስቀመጠችው።

"ስሙኝ። እኔ ስልክ አይደለሁም። ከእንግዲህ በእኔ በኩል አንድም ቃል አያልፍም። አሁን ሁለታችሁም ተነሱና ከተማ ውረዱ። ካንዴላውንም ግዙ፣ እንደ ሰው ነዳጅ የሚያዝበት ጀሪካንም ግዙ። እነዚያ ሁለት የተረገሙ ጀሪካኖች ከዚህ ግቢ ይውጡልኝ።"

"እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ" አለ ሾፌሩ።

"አንተ ብቻህን ሄደህ ያመጣኸውን እሱ አይወድልህም። እሱ ያመጣውን አንተ አትወድለትም። አንድ ላይ ምረጡና፣ ያን ጊዜ የምትወቅሱት ሰው ታጣላችሁ!"

ሾፌሩ ትራክተሩን አስነሳ፣ ተሳቢውን ቀጠለ፤ ብሎንም ተሳቢው ላይ ጀርባውን ለሾፌሩ ሰጥቶ ተቀመጠ። እንዲህ ሆነው አንዱ የሚመጣውን መንገድ፣ ሌላው ያለፈውን መንገድ እያዩ ከተማ ገቡ። ትራክተር ደግ ነገር አለው፤ ድምፁ ሰፊ ስለሆነ ሁለት ሰዎች እንደተኮራረፉ አያሳብቅም።

የእርሻ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ጠባብና ረጅም ነው። ከጣሪያው የጎማ ቱቦ እንደ እባብ ተጠምዝዞ ተንጠልጥሏል፤ ግድግዳው ላይ የመጋዝ ምላጭ፣ የሞተር ቀበቶ፣ የአካፋ እጀታ ተሰቅሏል፤ ቤቱ አዲስ ላስቲክ ይሸታል። ባለሱቋ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ጎልማሳ ሴት ናት።

"ምን ልታዘዝ?"

"ጀሪካን" አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ። ተያዩ፤ ወዲያው ፊታቸውን አዞሩ።

"ለምን ዓይነት ነዳጅ?"

"ለናፍጣ" አለ ሾፌሩ። "ለቤንዚን" አለ ብሎን።

ባለሱቋ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገች። "ሁለት ደንበኞች ናችሁ ወይስ አንድ?"

"አንድ ነን" አለ ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ግን አንነጋገርም።"

"እሺ" አለች ባለሱቋ፣ እንዲህ ያለ ደንበኛ በየቀኑ እንደሚመጣላት ሁሉ፤ ከኋላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "እንግዲያው በእኔ በኩል ተነጋገሩ፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ሥራዬ ወሬ ነው።"

ሾፌሩ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ቃኘና ከሁሉም ትልቁን፣ ወፍራም ጥቁር የብረት ጀሪካን ጎትቶ አወጣ። ባዶውን እንኳ ሲያስቀምጠው ወለሉ ጓ አለ። "ይሄ ነው ዕቃ! የልጅ ልጄም አይጨርሰው።"

"እትዬ፣ እስቲ ይጠይቁልኝ" አለ ብሎን የተንጠለጠለውን ቱቦ እያየ፣ "ያንን ሞልቶ የሚያነሳው ማነው?"

"የሚያነሳው ማነው ይላሉ" አለች ባለሱቋ።

"እኔ ነኝ ይበሉልኝ።"

ብሎን ራሱም ቢሆን የባሰ እንጂ የተሻለ አልመረጠም። ዓይኑ ያረፈው በሚያብለጨልጭ ነገር ላይ ነው፦ ቀይ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ጎኑ ላይ መለኪያ ያለው፣ አናቱ ላይ የጠመንጃ ምላጭ የሚመስል የሚጫኑት ነገር፣ ታጣፊ አፍንጫ፣ ይባስ ብሎም ትንሽ መብራት። አገላብጦ አየው፣ ጠቅ ጠቅ አደረገው፣ ልቡ ጠፋ።

"ይጠይቁልኝ" አለ አሁን ተራው የደረሰው ሾፌር፣ "መብራቱ ለምንድነው? ነዳጁ መንገድ እንዳይጠፋው ነው?"

ባለሱቋ ተነሳች። "ኑ፣ እዚህ ቆማችሁ በዓይን ብቻ አትገዙም። ጓሮ ቧንቧ አለ፤ ውሃ ሞልታችሁ ሞክሩት። ውሃ ያንጠባጠበ ዕቃ ቤንዚን አይይዝም።"

ጓሮው ሲሚንቶ ነው፤ አንድ ቧንቧና አንድ አሮጌ የብረት በርሜል አለ። መጀመሪያ የብሎን ዕቃ ተሞላ። ብሎን ምላጩን ሲጫነው ውሃው በአፍንጫው ሳይሆን በአንገቱ ዙሪያ ፊን ብሎ ሸሚዙን አራሰው። መብራቱ ግን በራ። ሾፌሩ ሳቁን ለመደበቅ ጓሮው አጥር ላይ የሌለ ነገር ማየት ጀመረ።

"እኔም ለማማሩ ነው ያስቀመጥኩት" አለች ባለሱቋ። "የጎማ ቀለበት የለውም። ሙቀት ሲያገኘው ደግሞ ቤንዚን ይተናል፣ ክዳኑ ካልጠበቀ ጋዙ ቤቱን ይሞላዋል። ያንተው ይቅር። የጋሼን እንይ።"

ጥቁሩ ብረት ተሞላ። "ትራክተርዎ ነዳጅ የሚያስገባበት አፍ ምን ያህል ከፍ ይላል?" ብላ ጠየቀችው። ሾፌሩ ደረቱን መታ መታ አደረገ። "እንግዲያው እስከዚያ ያንሱትና ነዳጁ ተንዶቅዶቆ እስኪያልቅ ይያዙት።"

"ስሸከም የኖርኩት ምን ሆነና!" አለ ሾፌሩ። እጁን አራገፈ፣ እግሩን ገጠመ፣ አነሳ። ጉልበቱ ደረሰ። ሆዱ ደረሰ። ከሆዱ በላይ ግን ወገቡ ቋ የሚል ድምፅ አሰማና እምቢ አለ። መልቀቅም አልቻለም፣ ከለቀቀው እግሩ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ማንሳትም አልቻለም። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ያን ጊዜ ከኋላው ቅጭል አለ፤ ብሎን ዘሎ ሥሩ ገብቶ ጀሪካኑን በሁለት እጁ ደግፎታል። ተያይዘው ቀስ አድርገው አወረዱት። ከዚያ ብሎን ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ባለሱቋ ዞረ።

"ይንገሩልኝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ወገቡ ደህና አይደለም። ጠዋት ጠዋት የጫማውን ክር የምታስርለት እህቴ ናት። እኔ የማላውቅ ይመስለዋል። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሲነሳ ሲያቃስት ይሰማኛል። እና ሳይሸከም ነዳጅ የሚያስገባበት ነገር ካለ ያምጡለት።"

ሾፌሩ ጆሮው ድረስ ጋለ። የጫማውን ክር ነገር እሱና ሚስቱ ብቻ የሚያውቁት መስሎት ነበር። የሚቆጣ መሰለው፤ ቁጣውን ፈልጎ አጣው። ወደ ባለሱቋ ዞሮ፦

"እርስዎም ይንገሩልኝ" አለ። "እሱ ደግሞ አያሸትም። ብርድ ሲሆንማ ጭራሽ፤ ቤት ቢጨስ አይሰማውም። የሚተኛው ከመጋዘኑ ጋር በአንድ ግድግዳ ነው። እኔ ከመተኛቴ በፊት በመጋዘኑ ዞሬ፣ በእሱ በር ዞሬ ሳላሸት ጎኔን አሳርፌ አላውቅም። ስለዚህ የቤንዚኑ ዕቃ ከሩቅ በዓይን የሚለይ ይሁን። ክዳኑም የማያስተነፍስ።"

ብሎን የራሰ ሸሚዙን ጫፍ ይጨምቅ ጀመር። ሌሊት ሌሊት በበሩ የሚያልፈውን ኮቴ ለዓመታት ሲሰማ፣ ሾፌሩ ሽንት ቤት የሚሄድ ይመስለው ነበር።

ባለሱቋ አንዴ ይኸኛውን፣ አንዴ ያኛውን አየች። "ላስታርቃችሁ ወይስ ልሽጥላችሁ?"

"ይሽጡልን" አሉ ሁለቱም።

ከዚያ በኋላ ምርጫው ቀለለ። ለናፍጣው ከጥቁሩ አነስ ያለ ቢጫ የብረት ጀሪካን አወጣች፤ አናቱ ላይ ሦስት እጀታዎች ጎን ለጎን ተበይደዋል። ብሎን ሦስተኛው ለምን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ "አንድ ሰው ሲይዘው የመሀሉን፣ ሁለት ሰው ሲይዘው የዳርና የዳሩን" አለችው። ለቤንዚኑ ቀይ፣ ትንሽ፣ አንድ እጅ የሚያነሳው። አፍንጫው ላይ ስፕሪንግ አለው፤ ሞተሩ አፍ ላይ ተጭነው ሲደግፉት ይፈስሳል፣ ቀና ሲያደርጉት ራሱን ይዘጋል። ብሎን ውሃ ሞልቶ ገለበጠው፣ ነቀነቀው፣ ጆሮው ሥር አድርጎ አዳመጠው። ጠብ አላለም።

"ናፍጣ ሳትሸከሙ ማስገባት ለፈለጋችሁት ደግሞ ይሄ አለ" ብላ ከመደርደሪያው ሥር በእጅ የሚዞር ትንሽ ፓምፕ አመጣች፤ ረጅም ቱቦ አለው። ጀሪካኑ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ የቱቦው ጫፍ ትራክተሩ ነዳጅ መያዣ ሰልባትዮ ውስጥ ይገባል፣ እጀታው ይዞራል፤ ነዳጁ ራሱ ወደ ላይ ይወጣል።

"የሰነፍ መሣሪያ ነው" አለ ሾፌሩ።

"ይሞክሩት እስቲ።"

ሾፌሩ በሁለት ጣቱ፣ እንደ ነውር ነገር፣ እጀታውን አዞረው። ውሃው በቱቦው ውስጥ ሽቅብ ተሳበና በርሜሉ ውስጥ ፏ አለ። ትንሽ ፈጠን አደረገው። ፏ ፏ ፏ። ጀሪካኑ እስኪያልቅ አዞረ፤ ሲያልቅም ባዶውን ትንሽ አዞረ። ባለሱቋና ብሎን ቆመው አዩት።

በመጨረሻ ወንፊት ያለው የነዳጅ ማንቆርቆሪያ ጨመረችላቸው። "እኛ ግማሽ ላይ የተቆረጠ የውሃ ጠርሙስ አለን" ብሎ ሾፌሩ ሊከራከር ሲል፣ "ጠርሙሱ ውስጥ የገባውን አሸዋ ማን ያወጣልዎታል?" አለችው። ብሎን ያንን አሸዋ ከካርቡራተር ሲለቅም የኖረ ሰው ስለሆነ ማንቆርቆሪያውን ብብቱ ሥር ሸጎጠው። ካንዴላውንም ገዝተው፣ ሂሳቡን ከፍለው ወጡ።

ማደያው ላይ ሾፌሩ ጀሪካኖቹን ተሳቢው ላይ እንዳሉ እንዲሞሉለት ሲጠይቅ፣ ነዳጅ ቀጂዋ ራሷን ነቀነቀች። "ያውርዱልኝ። መሬት ላይ ካልተቀመጠ አልቀዳም፤ ጎማ ላይ ባለ ዕቃ ብልጭታ ይነሳል።" ሁለቱም ለማውረድ እኩል እጃቸውን ሰነዘሩ፤ ግንባራቸው ሊጋጭ ምንም አልቀረው። ቀጂዋ ናፍጣውን በቢጫው፣ ቤንዚኑን በቀዩ ቀዳች፤ ለሙቀት ብላ ከላይ ትንሽ ቦታ ተወች፣ ክዳኖቹን ጠበቅ አደረገቻቸው። ሲመለሱ ብሎን ጀርባውን አልሰጠም። ወደ ፊት ዞሮ ተቀመጠ።

ቤት እንደደረሱ ብሎን ካንዴላውን አሰረ። የውሃ ሞተሩን ወደ ባለቲማቲሟ ማሳ ለማውረድ የሁለት ሰው ጉልበት ይጠይቃል፤ ጎትቶ ለማውረድ የቀጭኑ መንገድ ጭቃ አያስኬድም፣ ትራክተርም አያስገባም። ሾፌሩ ከፊት፣ ብሎን ከኋላ ይዘው ቁልቁለቱን ጀመሩ። ሾፌሩ ወገቡ እንዲቀለው ሞተሩን ፊት ለፊት ታቅፎ የኋሊት ነው የሚሄደው፤ መንገዱን የሚያየው ብሎን ብቻ ነው። ቀዩ ጀሪካን በብሎን ትከሻ ላይ በገመድ ተንጠልጥሏል።

ባለቲማቲሟ ያን ዕለት ማለዳ አዲስ ቦይ ቆፍራ ነበር። ብሎን ቦዩን አየ። ሾፌሩ የኋሊት እየቀረበው ነው። ብሎን አፉን ከፈተ፣ ኩርፊያው ትዝ አለው፣ ዘጋ፤ ከዚያም ማሳው ማዶ ወደ ቆመችው ሴት አንገቱን ሰገግ አድርጎ ጮኸ።

"እትዬ! ከኋላው ቦይ አለ በዪው!"

"ምን አልክ?" አለች ባለቲማቲሟ፣ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ።

"ቦይ!"

"የቱ ቦይ?"

"ጋሼ!" ብሎ ጮኸ ብሎን፤ ግን ጋሼ ከዓይኑ ተሰውሯል። ብሎን ሞተሩን ወደ ደረቱ ስቦ አተረፈው፤ ሾፌሩ ግን ቦዩ ውስጥ ዘፍ ብሎ፣ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ እንደ ንጉሥ ተቀምጧል። ባርኔጣው ችግኞቹ መሀል ሄዶ አረፈ።

"ሞተሩስ?" አለ ሾፌሩ ከታች።

"ሞተሩ ደህና ነው። አንተስ? ወገብህስ?"

"እኔማ ተተክያለሁ።"

"በርታ፣ ውሃው ከመጣ ትበቅላለህ" አለች ባለቲማቲሟ እየቀረበች።

መጀመሪያ የሳቀው ሾፌሩ ነው። ሲስቅ ጭቃው አብሮት ቧጨቅ ቧጨቅ አለ፤ ይህን የሰማ ብሎን ሞተሩን መሬት ላይ አስቀምጦ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ኪሱ ውስጥ ያሉት ብሎኖች ሳይቀሩ ሳቁ። እጁን ዘርግቶ ሲጎትተው ሾፌሩ ተነስቶ እንደቆመ እጁን አልለቀቀውም።

"አንተ፣ ቦይ መኖሩን ራስህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"ተኮራርፈን የለ እንዴ?"

"ኩርፊያው ለቦይም ይጨምራል?"

"እኔ እንጃ ጋሼ። ከዚህ በፊት ተኮራርፌ አላውቅም፤ ሕጉን አላውቀውም።"

ሾፌሩ ፊቱ ላይ ያለውን ጭቃ በእጁ ጀርባ ጠረገና ይበልጥ አዳረሰው። "የዚያን ቀን ነገር፣" አለ፣ "ማን እንዳቀያየረው አላውቅም። ሁለቱም እጄ ላይ ነበሩ፤ ስልክ ተደወለ። እኔም ልሆን እችላለሁ።"

"እኔም ማለዳ ሁለቱንም ነቅዬ ነበር፤ የትኛው እንደጎደለ ለማየት" አለ ብሎን። "መልሼ ስወትፍ ልብ አላልኩም። እኔም ልሆን እችላለሁ። የአፍንጫውን ነገር ግን..."

"የአፍንጫውን ነገር እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እሱ ላይ ጥርጥር የለኝም።"

"እናንተ ሰዎች፣" አለች ባለቲማቲሟ፣ "ችግኞቼ ይህን ሁሉ ሲያዳምጡ በጥም አለቁ።"

ብሎን ቀዩን ጀሪካን ከትከሻው አወረደ። ሊሞላ ካለ በኋላ ቆም ብሎ ክዳኑን ከፈተና ለሾፌሩ አቀረበለት። "ቀለሙን አይቻለሁ። ግን አንዴ አሽትልኝ።" ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አሸተተ፤ ከራሱ ጭቃ ሽታ በቀር የሸተተው ቤንዚን ነበር። ብሎን የጀሪካኑን አፍንጫ ሞተሩ ላይ ደገፍ አደረገው፤ ቤንዚኑ ተንቆርቁሮ ገባ፤ ቀና ሲያደርገው ጠቅ ብሎ ተዘጋ፤ አንዲት ጠብታ እንኳ ውጭ አልፈሰሰችም። ገመዱን አንዴ ሳበ፣ ሞተሩ ጉርምርም አለ። ደግሞ ሲስበው ተነሳ። ቱቦው አበጠ፣ ተወጠረ፤ ውሃው አዲሱን ቦይ ይዞ እየተጥመለመለ ሄደና በየመስመሩ ገባ። ባለቲማቲሟ ባልዲዋን ደፍታ ቁጭ አለችበት። ብዙ ችግኞች ተርፈውላታል፤ ጥቂቶቹን ግን ሾፌሩ ሲወድቅ ተቀምጦባቸዋል። እነሱን አንድ በአንድ እያሳየች አስቆጠረችው፤ ሾፌሩም በሰኞው ገበያ ሌላ ሊያመጣላት ቃል ገባ።

ወደ ቤት የተመለሱት ጎን ለጎን እያወሩ ነው። ብዙ ተጠራቅሞባቸው ስለነበር ተራ መጠባበቅ እንኳ አልቻሉም።

ሚስቲቱ መኪናዋ ላይ አንገቷን ደፍታ ኮሌታ ስትሰፋ ከግቢው ጩኸት ሰማች። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች ሮጣ ወጣች። ትራክተሩ ግቢው መሀል ቆሟል፤ ሥሩ ቢጫው ጀሪካን ተቀምጧል፤ ቱቦው ሰልባትዮው ውስጥ ገብቷል። ባሏ ጭቃ ከራሱ እስከ እግሩ ደርቆበት የፓምፑን እጀታ ባንድ በኩል ይዟል፣ ወንድሟ በሌላው በኩል።

"ወገብ ላለው ሰው ነው የተገዛው፣ አንተ ልቀቅ!" አለ ባሏ።

"ወገብ ለሌለው ነው እንጂ! እኔ ልሞክረው ብቻ አልኩ፣ አንዴ!"

"ከተማ ሞክረኸው የለ?"

"ከተማ የሞከርከው አንተ ነህ! ባዶውን እንኳ ስታዞር ቆመን አይተንህ የለ!"

"ልቀቅ አልኩህ!"

"አንተ ልቀቅ ጋሼ!"

ሚስቲቱ በሩ ላይ ቆማ አዳመጠቻቸው። መርፌውን ከከንፈሯ አውጥታ ደረቷ ላይ ሰካችው፣ ሳቋን ዋጠች፣ ተመልሳ ገባች። ሾፌሩ በመስኮቱ በኩል መኪናዋ እንደገና ሲንደቀደቅ ሰማ። ቀና ብሎ አያት፣ ጥርሱን ብልጭ አደረገላት፤ እጀታውን ግን አልለቀቀም።